የልብ ድካም የባሰበትን ታካሚ መመርመርና መንከባከብ፦ ለዋርድ ነርሶች ደረጃ በደረጃ

የልብ ድካም ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚብስበት ቀስ በቀስ ነው። ባለፈው ሳምንት በሁለት ትራስ ይተኛ ነበር፤ ዛሬ ሦስት ደርቧል፤ ከነገ ወዲያ ቁጭ ብሎ ያድራል። ክብደቱ ይጨምራል። ሽንቱ ይቀንሳል። ሐኪሙ በራውንድ ሰዓት መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ያየዋል፤ ሌሊቱን አብሮት የሚያድረው ግን ነርስ ነው። ለውጡን ቀድሞ የማየት ዕድሉም ኃላፊነቱም የእኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የምጽፈው ስለ አዋቂ ታካሚ ነው። የሕፃናት ቁጥርና የመድኃኒት መጠን ሌላ ነው። የመድኃኒት ትዕዛዝ ከሐኪም ይመጣል፤ ሆስፒታላችሁ የራሱ ፕሮቶኮል ካለው ደግሞ እሱ ይቀድማል።

1. ከመንካታችሁ በፊት እዩ

ወደ አልጋው ስትጠጉ መጀመሪያ አቀማመጡን ተመልከቱ። ሁለት እጁን አልጋው ጠርዝ ላይ ተክሎ ወደ ፊት ያጎነበሰ ሰው ትንፋሽ አጥሮታል። በየትንፋሹ የአንገቱ ጡንቻ ይወጠራል? ከንፈሩ ጠቁሯል ወይስ ወደ ሰማያዊ አድልቷል? ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ አለ? አስታማሚዋን ያውቃታል ወይስ ግራ ተጋብቷል?

ከዚያ አንድ አጭር ጥያቄ ጠይቁና መልሱን ሳይሆን ትንፋሹን አዳምጡ። "እማማ፣ ሌሊቱን እንዴት አደሩ?" በሉ። "ምን ማደር አለ ልጄ፣ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት" ብለው ባንድ ትንፋሽ ከመለሱ የምትመረምሩበት ጊዜ አላችሁ። "ቁጭ... ብዬ... ነው..." ካሉ ግን ጊዜ የለም። ዝርዝር ጥያቄውን ተዉትና ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ከሚከተሉት አንዱ እንኳን ካለ ሐኪም ወዲያው ይጠራ፦ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አለመቻል፣ ሮዝ መልክ ያለው አረፋማ አክታ፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ አዲስ ግራ መጋባት ወይም መፍዘዝ፣ ከ90 በመቶ በታች የሆነ የደም ኦክስጅን፣ በደቂቃ ከ25 በላይ ትንፋሽ፣ ከ90 በታች የወረደ ላይኛው የደም ግፊት፣ በጣም የፈጠነ ወይም ከ50 በታች የሆነ የልብ ምት። ሁሉም እስኪሟላ አትጠብቁ።

2. ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ኦክስጅን ስጡ

ይህን ለማድረግ የሐኪም ትዕዛዝ አትጠብቁ። የአልጋውን ራስ ከፍ አድርጉ። አልጋው የማይነሳ ከሆነ ወንበር ገልብጣችሁ ከትራሱ ጀርባ ደግፉ። የደም ግፊቱ ከፈቀደ እግሩን ወደ ታች ያንጠልጥል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ትንሽ ይቀንስለታል። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ አቅርባችሁ ትራስ ብታደርጉበትና ክንዱን ቢያስደግፍ ያርፋል። ለኤክስሬይም ሆነ ለአልትራሳውንድ ተብሎ እንዲህ ያለ ሰው በጀርባው አይዘርጋ።

ኦክስጅን የሚያስፈልገው ኦክስጅኑ ዝቅ ላለ ሰው ነው። መጠኑ በቂ ለሆነ ታካሚ "ይጠቅመዋል" ተብሎ መክፈት አይረዳም። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ በአፍንጫ ቱቦ ከ2 እስከ 5 ሊትር ጀምሩ። ካልበቃ በማስክ ከ6 እስከ 10 ሊትር፣ አሁንም ካልበቃ ከረጢት ባለው ማስክ ከ10 እስከ 15 ሊትር። ከ92 እስከ 96 በመቶ ከደረሰ ጥሩ ነው። ለብዙ ዓመት የቆየ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ግን ከ88 እስከ 92 ይበቃል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጢስ በሞላበት ማድ ቤት በእንጨት ሲያበስሉ የኖሩ እናቶች ሲጋራ ባያጨሱም እዚህ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ ጠይቁ።

ሲፒኤፒ (አየርን በማስክ በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) ያለበት ሆስፒታል ከሆናችሁና ታካሚው በማስክ ካልተሻሻለ ቶሎ አስታውሱ። የሲሊንደሩን ጌጅ በየፈረቃው መጀመሪያ እዩ። ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ፣ በመብራት የሚሠራ መሣሪያ) ላይ ያለ ታካሚ አጠገብ መብራት ሲጠፋ የሚያዝ ሲሊንደር ይኑር። መብራት ጠፋ ብሎ ሻማ የሚያበራ አስታማሚ ስለማይጠፋ፣ ኦክስጅን ባለበት እሳት እንደማይለኮስ ቀድማችሁ ንገሩ።

በዚሁ ጊዜ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አስገቡ፣ ለኤሲጂም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አዘጋጁ። ፈሳሽ ግን አትስቀሉ። "ደክሟል እኮ፣ ጉሉኮስ ይሰቀልለት" የሚል ቤተሰብ ሁልጊዜ አለ። ከፍቅር የመጣ ጥያቄ ስለሆነ አትቆጡ። ድካሙ ከፈሳሽ ማነስ እንዳልመጣ፣ ሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ራሱ እያፈነው እንደሆነ እግሩን ጫን አድርጋችሁ አሳዩዋቸው። ወዲያው ይገባቸዋል።

3. ቁጥሮቹን በትክክል ውሰዱ

ቻርት ላይ ሁሉም ታካሚ ትንፋሹ 20 የሆነበት ዋርድ አይታችኋል። ያ ቁጥር ሰው ይገድላል። ትንፋሽን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ስትቆጥሩም ለታካሚው አትንገሩት፤ የእጁን ምት የያዛችሁ መስላችሁ ደረቱን እዩ።

የልብ ምትን በስቴቶስኮፕ ከልቡ ጫፍ ላይ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። በተለይ ምቱ ሲዘበራረቅ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ የላይኛው ክፍል ሥርዓት ያጣ ምት) ሊሆን ስለሚችል የእጅ አንጓ ላይ ያለው ብቻ ያሳስታል። ልብ 130 ሲመታ አንጓ ላይ 96 ብቻ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ።

በደም ግፊት ላይ ብዙዎች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ላይኛውና ታችኛው ቁጥር ሲቀራረቡ ልብ የሚገፋው ደም አንሷል ማለት ነው። 95/80 "ዝቅ ያለ ግን ደህና" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ልዩነቱ 15 ብቻ ነው። ልዩነቱ ከላይኛው ቁጥር ሩብ በታች ከሆነ ለሐኪሙ ይህንኑ ለይታችሁ ንገሩ።

ፐልስ ኦክሲሜትር (ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅንን የሚለካው መሣሪያ) በቀዝቃዛ ጣት ላይ አይታመንም። እጁን አሙቁ፣ የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቁ፣ ካልሆነ የጆሮ ጫፍ ሞክሩ። መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል አትርሱ። በሌላ በኩል እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ የጤነኛውም ሰው ቁጥር ቆላ ካለው ዝቅ ይላል። 91 አይታችሁ ከመደናገጥም ከመዘናጋትም በፊት ሰውየውን እዩ፤ ቁጥሩን ከትናንቱም ጋር አስተያዩ።

ሙቀት ለኩ። ትኩሳት ካለ የሳንባ ምች ወይም የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ታካሚው ግራ ከተጋባ የደም ስኳር ይለካ።

በመጨረሻ የእግሩንና የእጁን ሙቀት በእጃችሁ መዳፍ ዳስሱ። ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ ነው። እጅና እግሩ ሞቃት፣ ሰውነቱ ግን ፈሳሽ የሞላበት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ላሲክስ ባለ፣ ፈሳሽን በሽንት በሚያስወጣ መድኃኒት ይሻሻላል። እብጠትም አለው፣ እጅና እግሩም ቀዝቅዟል፣ ሽንቱም ቆሟል ከሆነ ግን ደም ወደ ኩላሊትና ወደ አንጎል በቂ አልደረሰም። እንዲህ ያለው ታካሚ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያስፈልገው ነው። ለሐኪሙ ስትደውሉ "እጁ ቀዝቅዟል" የሚለውን አትተዉ።

4. ፈሳሹ የት እንዳለ ፈልጉ

ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ። ታካሚው 45 ዲግሪ ያህል ጋደም ብሎ ፊቱን ወደ ግራ ያዙር፤ በቀኝ የአንገቱ ጎን ያለውን የደም ሥር ምት እዩ። ምቱ ከደረት አጥንቱ ጉብታ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከታየ ከፍ ያለ ነው። በጣም ሲሞላ እስከ ጆሮ ሥር ስለሚደርስ ቁጭ ሲል ብቻ ሊታያችሁ ይችላል።

ሳንባውን ከጀርባ፣ ከታች ወደ ላይ አዳምጡ። ክራክል (ሲተነፍስ የሚሰማ የመንጫጫት ድምፅ) እስከ የት እንደሚሰማ ጻፉ፤ "ክራክል አለ" ብቻ ከሆነ ቀጣዩ ፈረቃ ይጨምር ይቀንስ ማወቅ አይችልም። በአንድ ጎን ብቻ ድምፅ የጠፋ ከሆነ በሳንባው ዙሪያ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል። ፉጨትም ቢሰማችሁ አስም ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሳንባው ፈሳሽ የቋጠረ ሰውም ያፏጫል።

ሆድ ላይ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ያመዋል? ጉበት አብጦ ሊሆን ይችላል። "ትንሽ ስበላ እጠግባለሁ፣ ሆዴ ይነፋል" የሚሉ ታካሚዎች ለጨጓራ ሲታከሙ ከርመው የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

እግር ላይ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን አጥንት በአውራ ጣት ቢያንስ 5 ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። የጉድጓዱን ጥልቀትና እብጠቱ የት ድረስ እንደወጣ ጻፉ፦ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ታፋ። ተኝቶ የሚውል ሰው ግን እግሩ ንጹሕ መስሎ ፈሳሹ ሁሉ ወገቡ ሥር ይሆናል። ገልብጣችሁ ጀርባውን ሳታዩ "እብጠት የለም" አትጻፉ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ጉዳይ ነው፤ አትሹት፣ አሳውቁ።

5. ለሐኪሙ በአራት ነጥብ ንገሩ

"ታካሚው ብሶበታል፣ ይምጡ" ብሎ መደወል ብዙ ጊዜ "እሺ መጣሁ" በሚል መልስ ይቀራል። ሁኔታው፣ መነሻው፣ ያያችሁት፣ የምትጠይቁት፦ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ለምሳሌ፦

"ዶክተር፣ ከሴቶች የውስጥ ደዌ ዋርድ ነው። አልጋ 7 ላይ ያሉት የ45 ዓመት እናት ትንፋሻቸው ባሰ። የሩማቲክ የልብ ቫልቭ ሕመም አለባቸው፣ ከትናንት ወዲያ ነው የገቡት፣ ላሲክስ 40 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ በደም ሥር ይወስዳሉ። አሁን ትንፋሻቸው 34፣ የልብ ምታቸው 128 የተዘበራረቀ፣ ግፊት 105/70፣ ኦክስጅን 84 ነበር፣ በ5 ሊትር 91 ሆኗል። ክራክሉ በሁለቱም ጎን እስከ መሃል ደርሷል። በስድስት ሰዓት ውስጥ የሸኑት 150 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከትናንት 1.5 ኪሎ ጨምረዋል። ሳንባቸው ፈሳሽ የሞላ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው ቢያዩልኝ፤ እስከዚያ ላሲክስ ልጨምርላቸው?"

የስልክ ትዕዛዝ ከተሰጣችሁ ጻፉት፣ መልሳችሁ አንብቡለት፣ ሰዓቱን አስፍሩ። ካልመጣ ደግማችሁ ደውሉ። አሁንም ካልመጣ ወደ ሲኒየሩ ደውሉ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ሥራችን ነው።

6. ላሲክስ ስትሰጡ

ከመስጠታችሁ በፊት ሽንቱን ሸንቶ ይጨርስ። ያኔ ነው ከመድኃኒቱ በኋላ የወጣውን በትክክል የምታውቁት። ግፊቱን ለኩ። የቅርቡን የፖታሲየምና የክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) ውጤት እዩ።

በደም ሥር ሲሰጥ ቀስ ተብሎ ነው፤ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይውሰድ። ከፍተኛ መጠን ከታዘዘ በደቂቃ ከ4 ሚሊ ግራም በላይ አይፍጠን። በፍጥነት ሲገባ ጆሮ ውስጥ መጮህና የመስማት ችግር ያመጣል፤ ታካሚው ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክም እየወሰደ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ሲሪንጅ አትቀላቅሉ። ካኑላውን በፊትም በኋላም በኖርማል ሳላይን እጠቡ። ቢጫ የሆነ አምፑል አትጠቀሙ።

በደም ሥር ሲሰጥ በ5 ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ኃይሉ ይበረታል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ስለዚህ መቀበያውን ቀድማችሁ አቅርቡ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሽንት ቤት ድረስ ተነስቶ አይሂድ። ለወንድ የሽንት መቀበያ፣ ለሴት ፖፖ አልጋው ሥር ይኑር፤ መጋረጃ ሳቡላቸው። እናቶች በሰው ፊት አፍረው ሽንት ሲይዙ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ሆኖ የቀረው ሽንት ቻርት ላይ "መድኃኒቱ አልሠራም" ሆኖ ይነበባል። ካቴተር ለሁሉም አይደለም። በጣም ለታመመ፣ ራሱን ለማያውቅ ወይም ሽንቱ በየሰዓቱ መለካት ላለበት ብቻ ይሁን፤ ምክንያቱ ሲያበቃም ይውጣ።

መድኃኒቱን ከሰጣችሁ በኋላ በ2ኛው ሰዓት ተመለሱ። ዝም ብሎ እስከሚቀጥለው ፈረቃ መጠበቅ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት በየሰዓቱ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር በላይ እንዲወጣ ይፈለጋል። ካልወጣ መጀመሪያ ከእምብርቱ በታች ዳስሱ። ፊኛው ሞልቶ ሽንት ማለፍ ያቃተው አዛውንት ሊሆን ይችላል፤ የፕሮስቴት እብጠት ያለባቸው አባቶች ላይ የተለመደ ነው። ፊኛው ባዶ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። በእጥፍ ሊያዝ ወይም ሌላ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ውሳኔ እስከ ጠዋት ራውንድ መቆየት የለበትም።

በቀን ሁለት ጊዜ ከታዘዘ ሁለተኛው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይሰጥ። አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲነሳ ያድራል፤ በጨለማ ደግሞ ይወድቃል።

ብዙ ፈሳሽ ሲወጣ ሌላ ችግር ይከተላል። ሲነሳ ማዞር፣ የባት ቁርጠት፣ ጥማት፣ የግፊት መውረድ ካያችሁ የሚቀጥለውን መጠን ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ። ፖታሲየም ዝቅ ብሎ በደም ሥር እንዲሰጥ ከታዘዘ በፍጹም በቀጥታ አይገፋ፤ ልብ ያቆማል። ሁልጊዜ በፈሳሽ ተበጥብጦ፣ በደንብ ተገላብጦ፣ በዋርድ ደረጃ በሰዓት ከ10 ሚሊ ኢኩቫለንት ሳይበልጥ ነው። አምፑሉም ከሌሎች አምፑሎች ተለይቶ ይቀመጥ።

7. ሚዛን

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሽንት ሸንቶ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በተመሳሳይ ልብስ፣ በአንድ ሚዛን። ጋቢውንና ጫማውን ያውልቅ። 1 ኪሎ ከ1 ሊትር ፈሳሽ ጋር ሊተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ የገባና የወጣ ቻርታችሁ "2 ሊትር ወጥቷል" እያለ ክብደቱ ካልቀነሰ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ቻርቱ ላይ ነው፤ አስታማሚዋ ያመጣችው ሾርባና ጭማቂ አልተቆጠረም።

መጀመሪያ በጣም ካበጠ በፍጥነት ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ በቀን ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ለአብዛኛው ሰው ተገቢ ነው። መቆም ላልቻለ ሰው የመቀመጫ ሚዛን ከሌለ የሆዱንና የባቱን ዙሪያ በሜትር ለኩ፤ የለካችሁበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።

የሚጠጣውን ለመቁጠር ሃይላንድ ከሁሉም ይቀላል። ሐኪሙ በቀን 1.5 ሊትር ከወሰነ ጠዋት ያን ያህል ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ ሻይም ሾርባም ሲጠጣ ያን ያህል ከሃይላንዱ ይቀነስ። ፈሳሽ መገደብ ለሁሉም የልብ ታካሚ የሚታዘዝ አይደለም። በጣም ላበጠ ወይም ሶዲየሙ ለወረደ ነው፤ ሳይታዘዝ ሰውን አታስጠሙ። አፍ ሲደርቅ በውሃ ማርጠብና መትፋት ይረዳል።

8. ሌሎቹ መድኃኒቶች

ዲጎክሲን (የልብን ግፊት የሚያበረታ፣ ምቱን የሚያዘገይ መድኃኒት) ከመስጠታችሁ በፊት የልብ ምቱን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ60 በታች ከሆነ አትስጡ፣ አሳውቁ። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ብርሃን ቢጫ ሆኖ መታየት መርዛማ ደረጃ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ፖታሲየም ዝቅ ሲል ወይም ኩላሊት ሲደክም ይህ ይፈጥናል።

ኢናላፕሪል (የደም ግፊትን የሚቀንስ) እና ስፓይሮኖላክቶን (ሌላ ፈሳሽ አስወጪ) አብረው ሲሰጡ በተቃራኒው ፖታሲየም ይጨምራል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። ከንፈርና ምላስ ካበጠ ግን ድንገተኛ ነው። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

የልብ ምትን የሚያዘገዩት ሜቶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ታካሚው ፈሳሽ ሞልቶት ሲያፍነው አዲስ አይጀመሩም። ቀድሞ ሲወስድ የነበረ ሰው ግን በራሳችሁ አታቁሙበት፤ ሐኪሙ ይወስን። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ አይኤንአሩን (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየውን ቁጥር) እዩ፤ ጡንቻ ላይ መርፌ አትውጉት።

የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጡም። ፈሳሽ ያቆራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የተገዛ ዳይክሎፌናክ ለሳምንት የወሰደ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሲመጣ ማየት አዲስ አይደለም።

ደም መስጠት ካለባችሁ ቀስ ብላችሁ ስጡ፤ አንድ ዩኒት እስከ 4 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በመካከሉ ትንፋሹን ደጋግማችሁ ቁጠሩ።

9. ለምን ባሰበት?

ፈሳሹን ብቻ አውጥቶ ማሰናበት ታካሚውን በወሩ መልሶ ማምጣት ነው። ትንፋሹ ሲረጋጋ ተቀመጡና ጠይቁ። ሰዎች ለሐኪም ያልነገሩትን ለነርስ ይናገራሉ።

በመጀመሪያ የመድኃኒቱን ጉዳይ ጠይቁ። "ለምን አቋረጡ?" ካላችሁ አፍረው ይዋሻሉ። "ብዙ ሰው መድኃኒት ሲያልቅበት ወይም ሲወደድበት ያቋርጣል፤ እርስዎስ?" ካላችሁ እውነቱ ይወጣል። ያለቀበት፣ ያጣው፣ ሲሻለው የተወው፣ መንገድ ስለሚሄድ ሽንት እንዳያስቸግረው ላሲክሱን የዘለለ አለ።

ጾምና ጠበልም መጠየቅ አለባቸው፤ በአክብሮት። ቅዳሴ እስኪወጣ ክኒን የማይወስዱ፣ ጠበል በባዶ ሆድ በብዛት የሚጠጡ ታካሚዎች አሉን። "ይተዉት" ማለት አይሠራም፤ ተገቢም አይደለም። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ፣ የሚጠጣውን በመጠን አድርገው መቀጠል እንደሚችሉ ተነጋገሩ። ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመካከሩ አበረታቱ። ረመዳን የሚጾሙም ጾሙ ከመግባቱ በፊት መድኃኒታቸውን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ።

ከዚያ በሽታ ፈልጉ፦ የሳንባ ምች፣ የደም ማነስ፣ ያልተቆጣጠሩት ግፊት፣ አዲስ የተዘበራረቀ ምት፣ የእንቅርት ሕመም፣ የአልኮል መጠጥ። በእኛ አገር የልብ ድካም ወጣቶችንም ይይዛል፤ ብዙዎቹ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የመጣ የሩማቲክ ቫልቭ ሕመም ያለባቸው ናቸው። እርግዝና ይህን ሕመም ያባብሳል፤ ከወለዱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት በተለይ አደገኛ ናቸው። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት 5 ወራት ውስጥ ትንፋሽ ያጠራትን፣ ሌሊት የምትስለውን እናት "የአራስ ድካም ነው" ብላችሁ አትመልሷት። ልቧ ይታይ።

10. በየቀኑ የማይረሱ

ያበጠ ቆዳ በቀላሉ ይቆስላል። በየ2 ሰዓቱ ጎኑን አዙሩ፣ ወገቡንና ተረከዙን እዩ። ትንፋሹ ሲሻል ከአልጋ ይነሳ፤ መጀመሪያ ቁጭ፣ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መርፌ) ከታዘዘ አይዘለል። ምግብ በትንሽ በትንሹ ይሰጥ። ሥራችሁን አሰባስቡ፤ መታጠብ፣ መርፌና ምርመራ ተራርቀው ቀኑን ሙሉ ካስነሱት አያርፍም። አየር ያጠረው ሰው ሞትን ይፈራል፤ እጁን ይዛችሁ ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ በቀስታ ንገሩት።

11. ወደ ቤት ሲሄድ

ትምህርቱን የመውጫው ቀን አትጀምሩ። በየቀኑ አንድ ነገር አስተምሩ፤ ምግብ የምትሠራው ሰው ትኑር። መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ።

ጨው ላይ ጊዜ ስጡ። "ጨው ቀንሱ" ሲባሉ ወጥ ላይ የሚጨመረውን ብቻ ያስባሉ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሚጥሚጣው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ቋንጣውም እንደዚያው። በአንዳንድ አካባቢ ቡናም በጨው ይጠጣል። ለታካሚው ያለ ጨው የተፈጨ ሽሮና በርበሬ ለብቻ ቢዘጋጅ ከሁሉም የተሻለ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ኮረሪማ ጣዕም ይሰጣሉ። በጨው ምትክ የሚሸጡ ዱቄቶች ፖታሲየም ስላላቸው ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው ሳይጠይቅ አይሆኑም።

ሚዛን ከቤት ከሌለ ሰፈር ካለው ጤና ጣቢያ ወይም መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ይመዘን፤ ግን ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን። ያም ካልተቻለ ጫማው መጥበቡ፣ መቀነቷ አልደርስ ማለቱ ይነግራቸዋል።

የሩማቲክ ቫልቭ ሕመም ያለበት ሰው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መቼ እንደሆነ ይወቅ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቫልቩ በጣም የጠበበ ወይም ልቡ በጣም የደከመና ገና ትንፋሽ የሚያጥረው ታካሚ ከመርፌው በኋላ ግፊቱ በድንገት ሊወርድና ሊሞት ይችላል፤ ይህም አለርጂ ሳይሆን የልቡ መድከም የሚያመጣው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ከመውጋታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ በአፍ የሚወሰድ ሊመረጥለት ይችላል። ለሌሎቹም በባዶ ሆድ አትውጉ፣ አስተኝታችሁ ውጉ፣ ከዚያም ጥቂት አቆዩአቸው። ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ከልብ ሐኪም ጋር እንድትነጋገርና እስከዚያ የእርግዝና መከላከያ እንድትይዝ ሳይነገራት አትውጣ።

የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠንና ሰዓት በአማርኛ ወይም በሚያነቡት ቋንቋ ጻፉ፤ ማንበብ ለማይችል የጠዋቱን ፀሐይ፣ የማታውን ጨረቃ ሥላችሁ ለዩ። ቀጠሮው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሁን። የወጣበትን ክብደት ካርዱ ላይ በጉልህ አስፍሩ።

በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ የእግሩ እብጠት ከመለሰ፣ ትራስ መደረብ ከጀመረ ወይም ሽንቱ ካነሰ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይምጣ። ሌሊት አፍኖት ከተነሳ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ ጠዋትን አይጠብቁ፤ በዚያችው ሰዓት ቁጭ እንዳለ ደግፈው ወደ ድንገተኛ ክፍል ያምጡት፣ የመድኃኒት ከረጢቱንም ይያዙ።